ከኮከብ ሦስት ማዕዘን እስከ ፊደል ገበታ



ከዓመታት በፊት ለጀማሪዎች ያወጣሁት የፕሮግራሚንግ ፈተና «5 መስመር ያለው የኮከብ ሦስት ማዕዘን አትሙ» የሚል ጥያቄ ነበረው። አንዲት ተማሪ 5 የ«ፕሪንት» ትእዛዞች ጽፋ፣ ኮከቦቹንም በእጇ ደርድራ አስረከበች። ዜሮ ሰጠኋት። ቢሮዬ ድረስ መጥታ «መምህር፣ የጠየቁትን አትሜያለሁ፤ ሉፕ ተጠቀሙ የሚል የት አለ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ውጤቷን አስተካከልሁ፤ ከዚያ ወዲህም የመስመሩ ብዛት ከተጠቃሚው እንዲመጣ አድርጌ እጠይቃለሁ። ብዛቱ አስቀድሞ ካልታወቀ በእጅ መደርደር አይቻልምና።

የመልመጃው ፍሬ ነገር ያለው በውስጠኛው ሉፕ ላይ ነው። የውጭው መስመር ይቆጥራል፤ የውስጡ ስንት ጊዜ እንደሚዞር የሚወሰነው ግን በውጭው ቁጥር ነው። ለፒራሚድ የመስመሩን ቁጥር በ2 አባዝተን 1 እንቀንሳለን፤ ኮከቦቹም 1፣ 3፣ 5፣ 7 እያሉ ያድጋሉ። ድምራቸው ምንጊዜም የመስመሮቹ ብዛት በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ 5 መስመር 25 ኮከብ ይወጣዋል። ይህን ሳያዩ ኮዱን ብቻ የሚሸመድዱ ተማሪዎች ያሳዝኑኛል።

ኮከብ የሰለቸው ፊደል ገበታን ያትም። በዩኒኮድ የ«ሀ» ቁጥር 4608 ነው፤ ለእያንዳንዱ ረድፍ 8 ቦታ ስለተመደበ «ለ» በ4616 ይጀምራል። የረድፉን ቁጥር በ8 አባዝታችሁ፣ የዓምዱን ቁጥር ጨምራችሁ ከ4608 ጋር ደምሩ። ረድፉንም ዓምዱንም ከ1 የቆጠረ ተማሪ ገበታው በ«ሉ» ይጀምርበታል። ኤድስገር ዳይክስትራ እ.ኤ.አ. በ1982 ቆጠራ ከዜሮ ይጀመር ብሎ የተሟገተበትን አጭር ጽሑፍ የማስነብበው ከዚህ ስሕተት በኋላ ነው፤ አስቀድሜ ባስነብብ ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም።

ከ«ሀ» እስከ «ቀ» ያሉት 9 ረድፎች በሥርዓት ይወጣሉ። ቀጥሎ «በ»ን የጠበቀ ግን «ቈ»ን ያገኛል፤ በዚያው ረድፍ ከመጀመሪያዎቹ 7 ቦታዎች 2ቱ ባዶ ናቸው። «በ» የሚገኘው ወረድ ብሎ በ4704 ነው። ሉፑ የታዘዘውን ፈጽሟል፤ የተሳሳተው ሁሉም ረድፍ ሙሉ ነው፣ ቅደም ተከተሉም እንደ ገበታው ነው ያልንበት ግምት ነው። የዚህ ሳምንት የቤት ሥራ እዚህ ላይ ይጀምራል፦ ባዶዎቹን በሁኔታ ትእዛዝ እየዘለላችሁ እስከ «ፐ» ድረስ አትሙ።