የእናቱ ወገን ማነው?

(በምሩቃን ማኅበራችን የዘንድሮ መገናኛ ላይ፣ አልዌሮ ግድብን ከጎበኘን በኋላ በማታው ፕሮግራም የቀረበ ንግግር)



ኮሚቴው ስለ ሥራሽ አንድ ነገር ተናገሪ ሲለኝ፣ ስለ ዘር ቆጠራ ልናገር ነው አልኳቸው። አንዱ ደንግጦ «ዶክተር፣ እባክሽ እሱን ተይው» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቃሉ በዘመናችን ተበላሽቷል። እኔ ግን ማውራት የፈለግሁት ሐኪም ካርድ ላይ ስለሚጽፈው፣ ወይም ሳይጽፈው ስለሚያልፈው የዘር ቆጠራ ነው። ይህን ያስተማሩኝ ደግሞ ዛሬ ጠዋት ካየነው ውኃ ብዙም ሳይርቁ የሚኖሩ አንዲት አያት ናቸው።

ግድቡን ሁላችሁም አይታችኋል። በደርግ ዘመን፣ በሶቪየቶች እርዳታ፣ ለመስኖ እርሻ ተብሎ የተጀመረ ነው። በ1977 ዓ.ም. ረሃብ ምክንያት ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከከምባታ የመጡ ሰፋሪዎች በአቦቦ ዙሪያ ሰፈሩ። አካባቢው ግን ከዚያ በፊት ባዶ አልነበረም፤ አኙዋዎች በባሮ፣ በአልዌሮ፣ በጊሎና በአኮቦ ወንዞች ዳር ለብዙ ትውልድ ኖረውበታል። ስለዚህ በአቦቦ አንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ብትቀመጡ በአንድ ጠዋት ሦስት አራት ዓይነት የዘር አቆጣጠር ትሰማላችሁ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወባ ፕሮግራም ሥራ እዚያ አካባቢ ነበርኩ። አንድ የ17 ዓመት ልጅ ከአባቱ ጋር መጣ። ቫይቫክስ ወባ ነበር። ክሎሮኪን ሰጠነው፤ ጉበት ውስጥ የተደበቀውን እንዲያጸዳ ደግሞ ለ14 ቀን ፕሪማኪን አዘዝኩለት። ታዲያ ፕሪማኪን ጂ6ፒዲ የሚባለው ኢንዛይም በሚያንሰው ሰው ላይ ቀይ የደም ሴልን እንደሚያፈርስ ሁላችንም ተምረናል። በጋምቤላ የተደረጉ ጥናቶችም ችግሩ እዚህ ከደጋው ይልቅ ከፍ እንደሚል አሳይተዋል። መመርመሪያው በእጃችን አልነበረም። የቀረኝ ነገር ጥያቄ ብቻ ነበር፤ ስለዚህ አባትየውን ጠየቅኋቸው፦ «በቤተሰባችሁ መድኃኒት ውጦ ሽንቱ የጠቆረ፣ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው አለ?»

ተርጓሚያችን የአካባቢው ተወላጅ ነርስ ነበር። አባትየው ቀና ብለው ተቀመጡና ከአባታቸው ጀምረው ወደ ላይ መቁጠር ያዙ። ነርሱ ፈገግ ብሎ «የኚያ ወገን ናቸው፤ ከአኮቦ በኩል የመጡ» አለኝ። ቆጥረው ሲጨርሱ «በእኛ ዘር እንዲህ ያለ ነገር የለም» አሉ። ካርዱ ላይ «የቤተሰብ ታሪክ፦ የለም» ብዬ ጻፍኩ።

በአምስተኛው ቀን ልጁ ተሸክመውት መጡ። ሽንቱ ኮካ ኮላ መስሏል፣ ከንፈሩ ነጥቷል። መድኃኒቱን አቆምን፣ ፈሳሽ ሰጠን፣ ወደ ጋምቤላ ልከን ደም ተሰጠው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተረፈ። አምቡላንሱን ስንጠብቅ ግን የእናቱ እናት፣ ከልጁ ራስጌ ቁጭ ብለው፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው እንደሚያወሩ ሆነው አንድ ነገር አሉ። ነርሱ ዝም አለ። «ምን አሉ?» አልኩት።

«ወንድሜም እንዲህ ሆኖ ነበር፤ ልጄም እንዲህ ሆኖ ነበር። ወንድሜ ተረፈ፣ ልጄ አልተረፈም ነው የሚሉት።»

እዚህ ያላችሁ ሁሉ ሐኪሞች ናችሁና ማብራራት አያስፈልገኝም። ጂ6ፒዲ በኤክስ ክሮሞዞም ላይ ነው። ወንድ ልጅ ኤክሱን የሚያገኘው ከእናቱ ብቻ ነው። አባትየው አልዋሹም፤ በእሳቸው ዘር የለም። ቢኖርም እንኳ ለወንድ ልጃቸው ሊያወርሱት አይችሉም ነበር። እኔ ነኝ የተሳሳተውን ሰው የተሳሳተ ጥያቄ የጠየቅሁት። የአያትየው ወንድም፣ ልጃቸው፣ የልጅ ልጃቸው፦ ፈተና ላይ ቢመጣ ዓይናችንን ጨፍነን የምንመልሰው የቤተሰብ ዛፍ ነው! ሴትየዋ ደግሞ መጀመሪያ ቀንም ግቢው ውስጥ ነበሩ። ማንም አልጠየቃቸውም።

ከሦስት ወር በኋላ ተመልሼ ሄድኩ። ሴሎቹ በፈረሱ ሰሞን ቢመረመር አዲሶቹ ሴሎች ውጤቱን ደህና ሊያስመስሉት ስለሚችሉ፣ ምርመራውን ያዘገየነው አውቀን ነው። ውጤቱ የጠበቅነው ሆነ። የሞተውን አጎት ግን መርምሬ ላረጋግጥ አልችልም።

በዚያ ጉዞ ከአባትየው ጋር ግማሽ ቀን ቁጭ ብዬ ዛፉን ሣልኩ። እዚህ ላይ ስለ ኚያዎች ትንሽ ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ነገሩ ካሰብኩት በላይ ገረመኝ።

በአኙዋ ዘንድ ሁለት ዓይነት መሪ ነበር። አንዱ ኳሮ ነው፣ የመንደር አለቃ። ሌላው ኚያ ነው፣ የመሳፍንቱ ዘር፤ በተለይ በደቡብ ምሥራቁ፣ በአኮቦ በኩል የበረታ። የኚያዎች ትውልድ የሚጀምረው ኦቹዶ ከሚባል ከወንዝ ከወጣ ሰው ነው። ትውፊቱ እንደሚለው ልጆች በዓሣ ሲጣሉ አስታረቃቸው፤ ሰዎች ይዘው ወደ መንደር አመጡት፤ ከኳሮው ከቹዋይ ልጅ ጊሎ የሚባል ልጅ ወለደ፤ እሱ ግን ወደ ወንዙ ተመለሰ። ከኦቹዶ የቀረው ኦቹዋክ የሚባለው የአንገት ጨሌ ነው ይባላል። የመሳፍንቱ ምልክትም እሱ ሆነ።

ሕጉ ደግሞ ጥብቅ ነበር። አባቱ ምልክቱን ያልለበሰ ሰው እሱም አይለብስም። ስለዚህ አንድ ኚያ ልጁን ለአጭር ጊዜም ቢሆን ማስለበስ ነበረበት፤ ካልሆነ የልጅ ልጁ ተራ ሰው ሆኖ ይቀራል። በጨሌው ምክንያት ስንት ደም ፈስሷል። እንግሊዛዊው አንትሮፖሎጂስት ኢቫንስ ፕሪቻርድ እ.ኤ.አ. በ1940 ባሳተመው ጥናት ይህን በዝርዝር ጽፎታል። ከኚያዎቹ ስመ ጥሩ አክዋይ ዋ ቻም እ.ኤ.አ. በ1912 በአኮቦ ወንዝ አካባቢ ከሱዳን የመጣውን የእንግሊዝ ጦር ክፉኛ የመታው ነው። በእኛ በኩል የመሳፍንቱና የኳሮዎቹ ሥልጣን ያበቃው በደርግ ጊዜ ነው።

ታዲያ አባትየው ይህን ሁሉ ሲነግሩኝ፣ ከእያንዳንዱ ስም ጎን «እናቱስ?» እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። አያውቁም ብዬ ነበር የገመትኩት። ያውቃሉ! የእናቱን ስም፣ የእናቱን መንደር፣ የአጎቶቹን ስም ሳይቀር ይነግሩኛል። የኚያ ልጅ የሚያድገው በእናቱ ወገን መንደር ነበርና፤ በኋላ ለሥልጣን ሲሻማ ደጀን የሚሆኑትም የእናቱ ወንድሞች ናቸው። ይህ ሁሉ የአባት ዘር እኮ ከላይ የተያያዘው በአንዲት የኳሮ ልጅ ነው! እሷ ባትኖር ኦቹዶ ወደ ወንዙ ተመልሶ ነገሩ እዚያው ባለቀ ነበር። እውቀቱ ሙሉ ነበር ማለት ነው፤ የጎደለው የእኔ ጥያቄ ነው።

ይህ የአኙዋ ነገር ብቻ አይደለም። ዊልያም ማርሻል የሚባለው እውቅ የእንግሊዝ ባላባት እ.ኤ.አ. በ1189 ትልቅ ርስት ያገኘው ሚስቱን ኢዛቤልን በማግባት ነው፤ እሷም አንዱን ክፍል ያገኘችው በአየርላንዳዊት ልዕልት እናቷ በኩል ነበር። አምስት ወንዶች ልጆቹ ተራ በተራ ወረሱ፣ ሁሉም ወራሽ ሳይተኩ ሞቱ፤ የመጨረሻው በ1245 ሲሞት ርስቱ ለአምስቱ ሴቶች ልጆቹ ወገን ተከፋፈለ። የእኛም የደጋ ርስት እንደዚሁ በእናትም በአባትም ይቆጠር ነበር። አቦቦ የሰፈሩ አንድ የወሎ ሽማግሌ የእናታቸውን ወገን እስከ ሰባት ቤት ሲቆጥሩልኝ ውለዋል፤ ለጋብቻም ለመሬትም ያስፈልግ ነበርና።

እኛ ግን ካርዳችን ላይ ምን አለ? ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። ሦስት ትውልድ ወንድ፣ አንድም ሴት የለችም። ይህን ካርድ ለ20 ዓመት ስሞላ አንድ ቀንም አልቆረቆረኝም።

ስለዚህ ዛሬ ሁለት ነገር ልለምን። መምህራኖቻችን፣ ተማሪዎች ለማኅበረሰብ ተኮር ሥልጠና ሲወጡ ቢያንስ አንድ የቤተሰብ ዛፍ ከእናት ጀምረው እንዲሥሉ አድርጉልን። አባት ብቻ ሲናገር አያትን ዞር ብለው ይጠይቁ። ሁለተኛው ለእናንተ በየቢሮው ላላችሁ ጓደኞቼ ነው፦ ፕሪማኪን የሚታዘዝበት ጤና ጣቢያ ሁሉ የጂ6ፒዲ መመርመሪያ እንዲደርሰው ግፉ። ጥሩ ጥያቄ ምርመራን አይተካም።

ልጁ አሁን ጎልማሳ ሆኗል። የትኞቹን መድኃኒቶች መውሰድ እንደሌለበት የተጻፈበት ካርድ በኪሱ ይዟል። ባለፈው ሳገኘው ሊያገባ ነው። ወንዶች ልጆችህ ከአንተ አይወርሱትም፣ ሴቶች ልጆችህ ግን ሁሉም ይሸከሙታል፣ ወደ ልጆቻቸውም ሊያልፍ ይችላል አልኩት። ትንሽ አሰበና «እንግዲያው ለሴቶቹ ነዋ ዘራቸውን ማስቆጠር ያለብኝ» አለኝ።

አያትየው ባለፈው ክረምት አርፈዋል። በሣልኩት ዛፍ ላይ ስማቸው መሀል ላይ ነው።