በእጅ ካለው ጨርቅ ልብስ ስለ መስፋት

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንዲት የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ስለ ስፌት እንድናገር በታዘዝሁ ጊዜ ከክፍሌ ወንዶች ልጆች አንዳንዶቹ ሣቁ። ሣቃቸውን አልተቀየምሁም፤ ነገር ግን አንድ ነገር ልጠይቃቸው እወዳለሁ። በገበያ ከስፌት መኪናው ኋላ ተቀምጦ ሱሪያችሁን የሚያሳጥርላችሁ ማን ነው? አብዛኛውን ጊዜ ወንድ አይደለምን? ሸማውንስ የሚሠራው ማን ነው? ሴቲቱ ትፈትላለች እንጂ ከልማድ ከሸማኔው ጉድጓድ ገብቶ የሚቀመጠው ወንድ ነው። ስለዚህ ንግግሬ ለእኅቶቼ ብቻ ስላልሆነ ሁላችሁም በትዕግሥት እንድትሰሙኝ እለምናለሁ።

የምናገረው ስለ አዲስ ጨርቅ አይደለም። ገንዘብ ያለው ሰው ከሱቅ ገብቶ ከወደደው ጣቃ አስቆርጦ ይወጣል፤ ቢበላሽበትም ሌላ ይገዛል። የእኔ ነገር በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ስላለው ጨርቅ ነው፤ ይኸውም የታላቅ እኅት ቀሚስ፣ የወረደ መጋረጃ፣ መካከሉ የሳሳ አንሶላ፣ ኮሌታው የተበላ ሸሚዝ ነው። እንዲህ ያለው ጨርቅ ሁለተኛ የለውም። መቀሱ አንድ ጊዜ ከሳተ የሳተው ሳተ፤ የወረቀት ቅድ የሚያስፈልገውም ስለዚህ ነው።

የወረቀት ቅድ ማለት የልብሱ ክፍሎች፣ ማለት ፊቱ፣ ጀርባው፣ እጅጌውና ኮሌታው፣ እያንዳንዳቸው አስቀድመው በወረቀት ተቆርጠው በጨርቁ ላይ የሚዘረጉበት ነው። ቀድሞ ይህ ዕውቀት በልብስ ሰፊዎች ዘንድ ተሰውሮ ይኖር ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1863 ዓ.ም. በአሜሪካ፣ በማሳቹሴትስ ግዛት ይኖር የነበረ ኤቤኔዘር በተሪክ የሚባል ልብስ ሰፊ በልዩ ልዩ ቁመትና ውፍረት ልክ የተዘጋጀ የወረቀት ቅድ ለገበያ አወጣ። የስፌት መኪናም ኤልያስ ሃው በ1846፣ አይዛክ ሲንጀር በ1851 የፈጠራ መብት ካገኙበት በኋላ ወደየቤቱ መግባት ጀምሮ ነበርና መኪናውና ወረቀቱ ተገናኙ።

ወረቀት ሳይኖራቸውም ጨርቅን የሚያከብሩ ሕዝቦች አሉ። የጃፓኖች ኪሞኖ ወርዱ 36 ሴንቲሜትር ያህል፣ ርዝመቱ 12 ሜትር ያህል ከሆነ ከአንድ ጥቅል ጨርቅ ይወጣል። ቀጥ ቀጥ ተደርጎ ስለሚቆረጥ የሚጣል ቁራጭ የለም ለማለት ይቻላል፤ በቀድሞው ልማድ ለማጠብ ሲፈለግም ስፌቱ ተተርትሮ ከታጠበ በኋላ እንደገና ይሰፋ ነበር። የእኛም ሸማ ወርዱ መወርወሪያውን ከእጅ ወደ እጅ በሚያቀባብሉት በሸማኔው ክንዶች የተወሰነ ስለ ሆነ ሰፊው ቅዱን እንደ ጨርቁ ያደርጋል እንጂ ጨርቁን እንደ ቅዱ አያደርግም። በእንግሊዝ አገርም በጦርነቱ ጊዜ፣ ከሰኔ 1941 ጀምሮ፣ ልብስ በኩፖን ሆኖ ነበር። ለአንድ ሰው መጀመሪያ የተሰጠው ለዓመቱ 66 ኩፖን ብቻ ስለ ነበረ መንግሥት በ1943 ያለን ልብስ ስለ መጠገን መጽሐፍ አሳተመ። ኩፖኑ የቀረው በ1949 ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልመለስ፤ የማውቀው የራሴን ነውና።

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ እናቴ ከነበሯት ቀሚሶች አንዱን፣ በአረንጓዴ መደብ ላይ አበባ የታተመበት ፖፕሊን፣ አሳጥረሽ ልበሽው ብላ ሰጠችኝ። እኔ ግን ከመጽሔት ላይ ያየሁትን ቀሚስ ለመሥራት ጓጓሁ። ወረቀት መቁረጡ ጊዜ ማባከን መስሎኝ በዓይኔ ለክቼ ቆረጥሁት። ሁለቱን እጅጌዎች በአንድ ፊት ዘርግቼ ስለ ቆረጥኋቸው ሁለት የግራ እጅጌ ታቅፌ ቀረሁ! አንዱን ገልብጬ እንዳልሰፋው አበባው በፊቱ ብቻ የታተመ ነው። እናቴ አልተቆጣችም። ቁራጮቹን አንድ በአንድ አጥፋ ወደ ሣጥኑ መለሰቻቸው። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

አባቴ ካረፈ ወዲህ ጥቁር ሰማያዊ የሱፍ ካፖርቱ በዚያው ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ይኖር ነበር። ልዋጭ በሰፈራችን በጮኸ ቁጥር አክስቴ «ብል ከሚበላው በአንድ ሣፋ ቢለወጥ ምናለ?» ትላለች፤ እናቴ ግን አትመልስላትም። የአሥረኛ ክፍል ትምህርት በሚያልቅበት ወራት የታናሽ ወንድሜ ሹራብ ክርኑ ላይ አልቆ፣ ክረምቱም እየቀረበ ነበረና ካፖርቱን ለእርሱ ኮት ላድርገው ብዬ ለመንኋት። የአረንጓዴው ፖፕሊን ነገር በመካከላችን ስለ ነበረ ድምፄ ተንቀጠቀጠ። ሁለት ሳምንት መልስ አልሰጠችኝም። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ካፖርቱን አውጥታ አልጋዬ ላይ አኖረችውና «መጀመሪያ በወረቀት አሳዪኝ» አለችኝ።

በሰፈራችን ሱቆች የተዘጋጀ የወረቀት ቅድ አይገኝምና የወንድሜን አሮጌ ጃኬት በጋዜጣ ላይ ዘርግቼ ዙሪያውን በእርሳስ ተከተልሁ። ለስፌት በየዳሩ አንድ ሴንቲሜትር ተኩል ጨመርሁ። ልጁ እያደገ ስለ ሆነ ለእጅጌውና ለታችኛው ጫፍ አራት አራት ሴንቲሜትር ተውሁ። የእጅ ሥራ መምህርታችን ሲስተር ወረቀቱን አይተው «ከዚህ በፊት በማይቆጭሽ ጨርቅ ሞክሪው» ስላሉኝ፣ ከሳሳው አንሶላ ቆርጬ በረጃጅሙ ጠቅሜ አለበስሁት። ወንድሜ እጁን ወደ ላይ ማንሣት አቃተው፤ ጀርባው ጠቦት ነበር! ስሕተቱን ወረቀቱ ላይ አረምሁት። ዋጋው አንድ ገጽ አሮጌ ጋዜጣ ነው። በሱፉ ላይ ቢሆን ኖሮ ምን ብዬ በእናቴ ፊት እቆም ነበር?

ካፖርቱን በመቀስ አልቀደድሁትም፤ በምላጭ ተረተርሁት። በየስፌቱ ውስጥ ታጥፎ የተቀመጠው ጨርቅ ጥቂት ይመስላል እንጂ ሲደመር ብዙ ነው። አራት ምሽት ፈጀብኝ። ፊቱ ፀሐይ የመታው ቢሆንም ውስጡ ገና አዲስ ይመስል ነበር፤ ስለዚህ የቀድሞ ልብስ ሰፊዎች ኮት እንደሚገለብጡት እኔም ገለበጥሁት። ከጀርባው በኩል ብል የበላው አንድ ቀዳዳ አገኘሁ፤ ወረቀቱን ወዲያና ወዲህ እያደረግሁ ቀዳዳው ከኪሱ በታች እንዲሸፈን አደረግሁ። ሱፍ ጠጉሩ ወደ አንድ ወገን ስለሚተኛ ወረቀቶቹ ሁሉ ወደ ታች አንድ ፊት መሆን አለባቸው፤ አለዚያ ግማሹ ፈዝዞ ግማሹ ጠቁሮ ይታያል። የጨርቁም ድር ከወረቀቱ ቁመት ጋር መስማማት ይገባዋል፤ ካልተስማማ ልብሱ በታጠበ ጊዜ ይጣመማል። ይህን ሁሉ በደረቀ የሳሙና ስባሪ አሰመርሁ።

ገበሩን ስተረትር በውስጥ ኪሱ አጠገብ በወፍራም ነጭ ክር የተጠቀመ ቦታ አየሁ። ስፌቱ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱም ጠማማ ነበረና ልብስ ሰፊ እንዳልነካው አወቅሁ። እናቴን ጠርቼ አሳየኋት። ብዙ ጊዜ ተመለከተችው። «አባትሽ ነው። መርፌ ተቀብሎኝ፣ እንዳልስቅበት ብሎ ጓሮ ተቀምጦ የሰፋው ነው» አለችኝና ሣቀች። ያ ካፖርት ባለበት ስትሥቅ ያየኋት ያን ቀን ነው። ያን ቁራጭ አልተረተርሁትም፤ እንዳለ አንሥቼ በአዲሱ ኮት የውስጥ ኪስ ላይ አዋልሁት።

የመጀመሪያውን መቀስ እንድታሳርፍ እናቴን ለመንኋት፤ እምቢ አለች። «አንቺው ቁረጪ» አለች፤ ሆኖም ቆርጬ እስክጨርስ ድረስ ከአጠገቤ አልተነሣችም። አያቴ በተወችልን በእጅ በምትዞረው ሲንጀር ሰፋሁት፤ ወንድሜ እየዞረልኝ። እያንዳንዱን ስፌት በካውያ ተኮስሁ፤ ብዙ ሰው ይህን ትቶ መኪናውን ይወቅሳል።

ከዚያ ወዲህ የምለብሰውን አብዛኛውን ራሴ ሰፍቻለሁ። ዛሬ የለበስሁት ጉርድ የመጋረጃ ልጅ ነው፤ ስለ ሸሚዙም ኮሌታ ከጠየቃችሁኝ ያለቀውን ፊት ወደ ውስጥ ገልብጬ የሰፋሁት ነው። ሳልባጅ መግዛት አይቀልም ወይ የሚለኝ ሰው አለ። ይቀላል፤ እኔም ገዝቼ አውቃለሁ፤ ግን የተገዛውም ለሰውነቴ ልክ እንዲሆን መተርተሩ አይቀርም። ሁሉ ነገር በቤት ይሰፋ ብዬም አልመክርም። የወንድ ሱሪ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ሁለት ጊዜ ዚፑ አሳፍሮኛልና ለልብስ ሰፊው ትቼዋለሁ። ለጀማሪ የሚቀለው ሽንሽን ጉርድ ነው፤ ከወገብ ዙሪያ አንድ ጊዜ ተኩል የሚበልጥ ቀጥ ያለ ጨርቅ ይበቃዋል። አዲስ ጥጥ ከሆነ ግን ሳይቆረጥ ይታጠብ፤ ከተሰፋ በኋላ ቢሰበሰብ መድኃኒት የለውም።

ወንድሜ ኮቱን ሁለተኛ ክረምት ለብሶታል። ዘንድሮ የእጅጌውን ትርፍ ሁለት ሴንቲሜትር አወረድሁለት፤ ገና ሁለት ይቀራል።

የሠራኋቸውን የወረቀት ቅዶች በእጅ ሥራ ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ባለው መሳቢያ ውስጥ ትቼላችኋለሁ። በየወረቀቱ ላይ ቁጥርና የጨርቁ ድር የሚሄድበት ቀስት አለ፤ እጅጌው ላይም «አንዱን ገልብጠሽ ቁረጪ» ብዬ በቀይ ጽፌበታለሁ። ትናንት ስመለከት ግን የኮቱ እጅጌ ወረቀት ከቦታው የለም። የወሰደው ሰው፣ ወንድም ቢሆን፣ ሲጨርስ ይመልሰው።