አሮጌው የባቡር አምሳያ በአዲሱ ሐዲድ ላይ



በሰንጋ ተራ በኩል ወደ መሥሪያ ቤቱ የሚመላለስ ሰው፣ ስሙ የከብት ገበያን የሚያስታውሰው ይህ ሰፈር ዛሬ የባንክና የመድን ድርጅቶች ረጃጅም ሕንጻዎች የቆሙበት መሆኑን ያያል። ከዚያው ጥቂት ራመድ ቢል ደግሞ በልደታና በተግባረ እድ በኩል የሚያልፈውን የከተማ ባቡር ሐዲድ ያገኛል። ይህ ባቡር በመስከረም ወር 2008 ዓ.ም. ሥራውን ሲጀምር፣ ሁለቱ መስመሮች፣ ማለት ከአያት ወደ ጦር ኃይሎችና ከቃሊቲ ወደ ምኒልክ አደባባይ የሚሄዱት፣ ከስታዲየም እስከ ልደታ ድረስ በአንድ ሐዲድ ላይ እንዲያልፉ ሆነው ተሠርተዋል። በላዩ የተዘረጋው ሽቦ 750 ቮልት ቀጥተኛ ኮረንቲ የሚሸከም ነው።

እንግዲህ እስቲ ልብ ይበሉ፤ ሁለት ባቡሮች በአንድ ሽቦ ሥር ሆነው፣ አንዱ ተግባረ እድ ላይ ቆሞ ሰው ያወርዳል፣ ሌላው ወደ ሜክሲኮ ይገሠግሣል። ኮረንቲው አንድ ሆኖ ሳለ ሁለቱ በአንድነት የማይነሡት፣ በአንድነትም የማይቆሙት ስለ ምንድን ነው? መልሱ ቀላል ነው። በየባቡሩ ውስጥ ነጂ አለ፤ ከሽቦው የመጣውን ኃይል መቼና ምን ያህል ለሞተሩ እንደሚሰጥ የሚወስነው እርሱ ነው።

ዛሬ ልነግርዎ ያሰብሁት ግን ስለ ትልቁ ባቡር ሳይሆን፣ በጠረጴዛ ላይ ስለሚሄደው ትንሹ የባቡር አምሳያ ነው። ነገሩ የሕፃናት መጫወቻ ብቻ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር ጥቂት ይታገሠኝ።

በቀድሞው ሥርዐት የባቡር አምሳያ ነጂ የለውም። በሁለቱ ሐዲዶች ላይ እስከ 12 ቮልት የሚደርስ ቀጥተኛ ኮረንቲ ይለቀቃል፤ ኮረንቲው በመንኰራኵሩ በኩል በቀጥታ ወደ ሞተሩ ይገባል። ቮልቱ ከፍ ሲል ባቡሩ ይፈጥናል፤ ዝቅ ሲል ይዘገያል፤ አወንታዊውና አሉታዊው ቦታ ሲለዋወጡ ወደ ኋላ ይመለሳል። በዚህ አሠራር ኃይሉም ትእዛዙም አንድ ነገር ናቸው። ስለዚህ በአንድ ሐዲድ ላይ ሁለት ባቡር ቢያስቀምጡ ሁለቱም እንደ መንታ ልጆች አብረው ይነሣሉ፣ አብረውም ይቆማሉ። የሥራው ወዳጆች ይህን ለማሸነፍ ሐዲዱን በየቦታው እየቈረጡ፣ ለየቍራጩ ማብሪያና ማጥፊያ እያበጁ፣ ከጠረጴዛው በታች የሸረሪት ድር የሚመስል ሽቦ ሲዘረጉ ኖረዋል።

አዲሱ ሥርዐት የተነሣው ከዚህ ችግር ነው። ጀርመናዊው በርንድ ሌንዝ ያበጀውን አሠራር መሠረት በማድረግ፣ በአሜሪካ የሚገኘው የባቡር አምሳያ ወዳጆች ብሔራዊ ማኅበር እንደ ፈረንጅ አቈጣጠር ከ1990 በኋላ ባሉት ዓመታት ለሁሉም ፋብሪካ የሚያገለግል ደንብ አወጣ። በዚህ ደንብ መሠረት ሐዲዱ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይል አለው፤ ለመካከለኛው መጠን ባቡር 15 ቮልት ገደማ ነው። ትእዛዙ በዚያው ኃይል ላይ ተጭኖ ይሄዳል። በየባቡሩ ሆድ ውስጥ ዲኮደር የሚሉት የጥፍር ያህል ዕቃ ይቀመጣል።

የመሥሪያ ቤት ሰው ለሆነ አንባቢ ነገሩን በመዝገብ ቤት ምሳሌ ማስረዳት ይቀልላል። ከበላይ የሚወጣው ደብዳቤ ሁሉ በየክፍሉ ይዞራል፤ እያንዳንዱ የመዝገብ ሹም ግን በራሱ ቍጥር የተጻፈውን ብቻ አንሥቶ ያስፈጽማል፤ ሌላውን ያሳልፋል። «ለቍጥር 3፤ በዝግታ ወደ ፊት ሂድ» የሚል ቃል በሐዲዱ ላይ ሲነገር፣ ባቡሮች ሁሉ ይሰሙታል፤ የሚንቀሳቀሰው ግን ቍጥር 3 ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት የዚህ ፈጠራ ትልቅነቱ ትንሹን ባቡር እንደ ትልቁ ማድረጉ፣ ማለት ለየባቡሩ የራሱን ነጂ መስጠቱ ነው።

አሁን ወደ ጭንቁ ነገር እንግባ። ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት በውጭ አገር የተማሩ ወገኖቻችን በሻንጣቸው ይዘው የተመለሱት የባቡር አምሳያ በአንዳንድ ቤት ቁም ሣጥን ላይ በካርቶን ተኝቶ ይገኛል። የልጅ ልጅ ደግሞ ከባሕር ማዶ አዲሱን ዓይነት ይዞ ይመጣል። የሐዲዱ ስፋት በሁለቱም 16 ሚሊ ሜትር ከግማሽ ስለሆነ አሮጌው ባቡር በአዲሱ ሐዲድ ላይ እንደ ልኩ ይቀመጣል። አንድ የማውቃቸው በጡረታ ያሉ ሽማግሌ «ልጄ፣ የእኔን ባስቀምጠው ይነዳልን ወይስ ይነድዳል?» ብለው ጠይቀውኛል። እኔ መሐንዲስ ባልሆንም ጥያቄው መልስ የሚገባው ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

መልሱ፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል የሚል ነው። በአዲሱ ሐዲድ ላይ ያለው ኮረንቲ በአንድ ሴኮንድ ብዙ ሺህ ጊዜ አቅጣጫውን ይለዋውጣል። ዲኮደር የሌለው ሞተር በአንድ ቅጽበት ወደ ፊት፣ በሚቀጥለው ወደ ኋላ ይገፋል፤ ስለዚህ ከቦታው ሳይነቃነቅ እንደ ንብ ይዘምራል። ሥራ ያልሆነው ኃይል ሁሉ ሙቀት ይሆናል። የተለመደው ሞተር ሽቦው በብረት ላይ የተጠቀለለ ስለሆነ ብረቱ ለውጡን ጥቂት ይቋቋማል፤ ቶሎ አይጠፋም። ነገር ግን ብረት የሌለው፣ ጥቅልሉ ብቻውን የሚዞር ቀላል ሞተር አለ። ይህን የሚገታው ነገር ስለሌለ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ሊቃጠል ይችላል። የባቡርዎ ሞተር ምን ዓይነት እንደሆነ ሳይረጋገጥ በአዲሱ ሐዲድ ላይ ለአንድ ደቂቃም አያቁሙት።

ደንቡን ያወጡት ሰዎች አሮጌውን ባቡር ጨርሰው አልረሱትም። ትእዛዙ የሚጻፈው አንድና ዜሮ በሚባሉ ሁለት ምልክቶች ነው። የአንዱ ምልክት እያንዳንዱ ግማሽ 58 ማይክሮ ሴኮንድ ይቈያል፤ የዜሮው ግማሽ ግን ቢያንስ 100 ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ቢረዝምም ዲኮደሩ ያው ዜሮ ብሎ ያነበዋል። ብልሃቱ ከዚህ ላይ ነው። ከዜሮው ሁለት ግማሾች አንዱን ብቻ ሲያስረዝሙት ኮረንቲው ወደ አንድ ወገን ያደላል፤ ሚዛኑ እንደ ተዛባ ይሆናል። አሮጌው ሞተር የሚሰማው ይህን ማድላት ስለሆነ ይንቀሳቀሳል። በመቈጣጠሪያው ላይ ይህ አሠራር «አድራሻ ዜሮ» ይባላል። ያለው በአንዳንድ ፋብሪካ መቈጣጠሪያ ላይ ብቻ ነው፤ ከመግዛት በፊት መመሪያውን ማንበብ ይገባል። ሁለት አሮጌ ባቡሮች ቢያስቀምጡ ግን እንደ ጥንቱ አብረው ይሄዳሉ፤ መብራታቸውም ባቡሩ ቆሞ ሳለ አይጠፋም። ለእንግዳ ለማሳየት ጥቂት ደቂቃ ቢነዱት፣ ከዚያም ከሐዲዱ ቢያነሡት ደኅና ነው። ቀኑን ሙሉ ለመንዳት ግን በእኔ አስተያየት የሚመከር አይደለም።

ዘለቄታ ያለው መፍትሔ ለአሮጌው ባቡር ዲኮደር ማስገባት ነው። ሥራው አራት ሽቦ የማገናኘት ያህል ነው፤ ቀዩና ጥቁሩ ከመንኰራኵሩ ኃይል ይቀበላሉ፣ ብርቱካናማውና ግራጫው ለሞተሩ ያደርሳሉ። የተቀሩት የመብራት ናቸው። ችግሩ ያለው በአሮጌው ባቡር አሠራር ላይ ነው። በብዙዎቹ አንደኛው የሞተር ካርቦን በቀጥታ ከብረት ገላው ጋር ይነካካል፤ ገላውም ከሐዲዱ ኃይል ይቀበላል። ይህ ግንኙነት ካልተቈረጠ ዲኮደሩ ኮረንቲ በተለቀቀ ቅጽበት ይቃጠላል። ስለዚህ በቴስተር መለካት ግዴታ ነው፤ ከሁለቱ ካርቦኖች አንዱም ከመንኰራኵር ጋር እንዳይገናኝ ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ደግሞም ሞተሩን በ12 ቮልት ለአፍታ ያህል በጣት ይዞ አቁሞ ስንት አምፔር እንደሚስብ መለካት ነው፤ አሮጌ ሞተር ሆዳም ነውና ከዲኮደሩ ዐቅም በላይ ሊጠይቅ ይችላል። በሦስት ሐዲድና በተለዋዋጭ ኮረንቲ የሚሄደው የጥንቱ የመርክሊን ባቡር ከዚህ ሁሉ የተለየ ስለሆነ በሌላ ጊዜ ብንነጋገርበት ይሻላል።

በአንድ ጠረጴዛ ላይ ግማሹን አሮጌ፣ ግማሹን አዲስ የሚያደርጉም አሉ። ይህ አደገኛ ነው። ባቡሩ ድንበሩን ሲሻገር በመንኰራኵሮቹ ሁለቱን ኃይል ስለሚያገናኝ መቈጣጠሪያውን ያበላሻል። ሐዲዶቹ ጨርሰው ሳይገናኙ ይቀመጡ፤ ያለዚያም መላውን ጠረጴዛ ወይ ወደ አሮጌው ወይ ወደ አዲሱ የሚያዞር አንድ ማብሪያ ይበጅለት።

ወደ ትልቁ ባቡር ብንመለከት፣ አሮጌው ከአዲሱ ጋር የመስማማት ዕድል እንኳ አላገኘም። በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ሐዲድ ስፋቱ አንድ ሜትር ነበር፤ በመስከረም 2009 ዓ.ም. የተመረቀው አዲሱ ግን 1 ሜትር ከ43 ሳንቲም ተኩል ሆኖ በ25 ሺህ ቮልት ተለዋዋጭ ኮረንቲ እንዲሄድ ተሠራ። ለጋርን የሚያውቁት የጥንት ባቡሮች በዚህ ላይ አይቆሙም፤ ለዚህ ዲኮደር የለውም። የጥንቱን መስመር በአምሳያ ለማቆም የሚመኝ ሰው፣ አንድ ሜትሩ ለሰማንያ ሰባት ሲካፈል የሚደርሰውን የ12 ሚሊ ሜትር ሐዲድ መፈለግ አለበት፤ ይህም ለስዊስ ተራራ ባቡሮች አምሳያ ተብሎ በአውሮፓ ይሠራል። መስመሩን እስከ ጅቡቲ እዘረጋለሁ ቢል ግን 784ቱ ኪሎ ሜትር በዚያ ልክ ዘጠኝ ኪሎ ሜትር ስለሚሆን፣ ሳሎኑ አይበቃውም።

ለሽማግሌውም የመለስኩላቸው ይህ ነው። ባቡሩ ብርቅ ከሆነና ካርቶኑም ሳይቀደድ ከኖረ ሆዱን አይክፈቱት፤ ለእርሱ የብቻው ክብ ሐዲድ ዘርግተው በጥንቱ መቈጣጠሪያ ይንዱት። የተለመደ ከሆነ ግን ስታኞ መበየድ ለሚችል የራዲዮ ጠጋኝ ይስጡት። በሁለቱም መንገድ፣ ከሁሉ በፊት የጥንቱን ትራንስፎርመር ገልብጠው ጀርባውን ያንብቡ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ 110 ወይም 120 ቮልት የሚል ይገኝበታልና፣ በእኛ 220 ቮልት መሰኪያ ላይ በቀጥታ አይሰኩት።