የመንደሩ ታሪክ በማን መዝገብ ይገኛል?

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)




የአዊ ከተሞች ታሪክ በመጠኑም ቢሆን ተጽፏል። በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስላ ስለነበረ፣ ከ1925 እስከ 1934 እ.ኤ.አ. ቆንስል የነበረው ሮበርት ቺዝማን ስለ ጣና ሐይቅና ስለ ዓባይ ያዘጋጀው መጽሐፍ በ1936 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ኮሶ በር የምትባለው እንጅባራም የዞኑ መቀመጫ በመሆኗ ስሟ በየሰነዱ ይገኛል። በሜዳው ዳር ያሉት ትንንሽ ጎጦች ግን ጸሐፊ አላገኙም። መጀመሪያ ጎጆ የቀለሰው ማን ነው፣ የግጦሽ ሜዳው መቼ ታረሰ፣ ምንጩን ማን አጎለበተ ቢባል፣ መልሱ ያለው በሽማግሌዎች አንደበት ብቻ ነው። ሽማግሌው ሲያልፍ ታሪኩም አብሮ ያልፋል።

የሕዝቡም ቁጥር እንዲሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው ቆጠራ የአዊ ሕዝብ 982,942 ነበር። ከመቶው ሰው በከተማ የሚኖረው 12 ያህሉ ሲሆን የቀረው የገጠር ነዋሪ ነው። ከዚያ ወዲህ አገር አቀፍ ቆጠራ አልተካሄደም። በ1999 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን ዛሬ መሬት የሚጠይቅ ወጣት ሆኗል። በየጎጡ ስንት እንዲህ ያለ ወጣት እንዳለ ከዞኑ ድምር ማወቅ አይቻልም።

ይህ ለታሪክ ብቻ የሚታሰብ ጉዳይ አይደለም። በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ብዙ አርሶ አደር ማሳውን ደከረንስ አልብሷል። በመጀመሪያው ዓመት ከችግኙ ጋር ጤፍ ይዘራል፤ ቀጥሎ ሣሩ ለከብት ይታጨዳል፤ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉ ተቆርጦ ከሰል ይሆናል። ብዙ ቤት በዚህ ቆርቆሮ ለብሷል፣ ብዙ ልጅም ተምሮበታል። በቅርብ ዓመታት ዛፉን በሽታ ሲመታው ግን ማሳውን ሁሉ ለዛፍ የሰጠ ቤተሰብ ከእህሉም ከከሰሉም ሳይሆን ቀረ። በየመንደሩ ስንት ጥማድ በዛፍ፣ ስንት ጥማድ በገብስና በድንች እንደተያዘ የሚያሳይ መዝገብ ቢኖር፣ ማኅበሩ ዘርና ማዳበሪያ የት አስቀድሞ መድረስ እንዳለበት ባወቀ ነበር።

በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የአባቶችን ውለታ እስከ ዛሬ ያቆየው ሕዝቡ ራሱ ስለተደራጀበት ነው። መሠረታዊ ማኅበራትም የአባላት መዝገብ፣ ጸሐፊና ጠቅላላ ጉባኤ አላቸው። በዚያው መዝገብ ላይ የጎጡን ስም፣ የአባወራና የእማወራ ብዛት፣ መሬት የሌላቸውን ወጣቶች፣ የተዘራውንና የተተከለውን በየዓመቱ ማስፈር ይቻላል። ከሽማግሌዎች የተሰማውን ታሪክ ለመጻፍም አንድ ደብተር ይበቃል። የቀበሌ አስተዳደርና የግብርና ባለሙያዎች ቢያግዙ ሥራው አይከብድም።

የሚቀጥለው የምሥረታ በዓል ሲከበር እያንዳንዱ ማኅበር የመንደሩን ደብተር ይዞ ይምጣ።

መልካም በዓል!