ስለ ቆስጣችን መቢጨት ለአባላት የተደረገ ንግግር



በመዋጮአችን ያለ አፈር በውኃ የተከልነው ቆስጣ ቢጫ ሆነ ብላችሁ ስሞታ አቅርባችኋል። ልክ ናችሁ፤ ጥፋቱም የኛው ነው። ራበው ብለን ማዳበሪያ ብንጨምርበት ጭራሽ የቅጠሉ ጫፍ ተቃጠለ። ነገሩ ለካ ሌላ ኖሯል። የቢጨው ለጋው ቅጠል ነው፤ ጅማቱ ግን አረንጓዴ እንደሆነ ነው። ይህ የብረት እጥረት ምልክት ነው። ብረቱስ ውኃው ውስጥ አለ፤ በመለኪያ ወረቀት ብናየው ግን ፒኤቹ 7.5 ደርሷል። ለቆስጣ ከ5.5 እስከ 6.5 ነው የሚስማማው፤ ከዚያ ሲያልፍ ሥሩ ብረቱን መሳብ ያቅተዋል። (የታችኛው አሮጌ ቅጠል ቢሆን ኖሮ ናይትሮጅን ነበር የምንጠረጥረው።)

ግማሹን ውኃ ቀይረን በሎሚ ዝቅ አድርገነዋል። የሎሚ ነገር ግን አይቆይም፣ ፒኤቹ ተመልሶ ይወጣል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት በተራ የምትለኩ ስማችሁን አስመዝግቡ። ሳይለካ ማዳበሪያ የሚጨምር አይኑር፤ እኛም ጭምር።