መንዙማና የወሎ አማርኛ



በወሎ ገጠር ሐድራ ወደሚደረግበት ቤት የሚገባ እንግዳ ግጥሙን ከመስማቱ በፊት የዕጣኑና የቡናው ሽታ ይቀበለዋል። ቀጥሎ ድቤው ይመታል፤ አንዱ ስንኙን ሲያወጣ ጉባኤው በአንድ ድምፅ ይቀበለዋል። ይህ ግጥም መንዙማ ይባላል። ስሙ ዐረብኛ ነው፤ በሥርዓት የተደረደረ ቃል ማለት ነው። ቋንቋው ግን ብዙውን ጊዜ አማርኛ ነው፤ የዚህ ንግግር ጉዳይም ይኸው ነው።

የቃዲሪያ ጠሪቃ ስሙን ያገኘው በ1166 እ.ኤ.አ. ባግዳድ ውስጥ ካረፉት ከሼኽ ዐብዱልቃድር አል-ጀይላኒ ነው። በወሎ ሥር የሰደደው በ18ኛውና በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሲሆን፣ ከስመ ጥር መሪዎቹ አንዱ የጀማ ንጉሡ ሼኽ ሙሐመድ ሻፊ ነበሩ። ዐረብኛ ለማያውቀው አራሽና እረኛ የነቢዩን ውዳሴና የሃይማኖቱን ትምህርት ያደረሰለት በጆሮው የሚይዘው የአማርኛ ግጥም ነው።

ግጥሙ ግን የውዳሴ ብቻ አልነበረም። በ1878 እ.ኤ.አ. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ አፄ ዮሐንስ አራተኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ባዘዙ ጊዜ፣ ከተቃወሙት መካከል ሼኽ ጦልሐ ኢብን ጃዕፈር አንዱ ነበሩ። በአማርኛ መንዙማቸው የሚታወቁትም እኒሁ ሰው ናቸው። ትእዛዙን እንቢ አሉ እንጂ አማርኛውን ለቤተ መንግሥት አልተዉለትም።

መንዙማው የሚጻፈው በዐረብኛ ፊደል ነው፤ አጻጻፉ ዐጀም ይባላል። ችግሩም ያለው እዚህ ላይ ነው። የአማርኛው ፊደል ሰባት ድምፆችን ሲለይ፣ ዐረብኛው ያሉት የአጭር አናባቢ ምልክቶች ሦስት ብቻ ናቸው። ለጨ፣ ለጰና ለኘ የተዘጋጀ ሆሄም የለውም። ጸሐፊዎቹ ነጥብ ጨምረው ወይም ተቀራራቢ ሆሄ ተውሰው ይወጡታል፤ ሁሉም የሚከተለው አንድ ደንብ ግን አልነበረም። ስለዚህ ጽሑፉን አቃንቶ የሚያነበው ዜማውን አስቀድሞ በቃሉ ያጠና ሰው ነው። ልኬቱ ያልተጻፈበት ንድፍ ተሰጥቶት ያውቅ የነበረ መሐንዲስ ነገሩን ሳይብራራለት ይረዳዋል፤ የጎደለውን የሚያውቀው ሽማግሌው ግንበኛ ነው።

ሽማግሌዎቹ ደግሞ እያለፉ ነው። ከ1991 እ.ኤ.አ. ወዲህ ዝየራንና ድቤን የሚነቅፍ ትምህርት በመስፋፋቱ ከሐድራው የራቁ ወጣቶች አሉ። ደብተሮቹን ፎቶግራፍ ማንሳት መልካም ነው፤ ግን እኩሌታ ሥራ ነው። አውጪውን ብቻ መቅዳትም ተቀባዮቹን ያስቀራል። የሚበጀው አውጪውንና ተቀባዮቹን በአንድ ቤት አስቀምጦ፣ ደብተሩን ከፍቶ፣ ሲያዜሙ እየቀዱ ስንኝ በስንኝ ከጽሑፉ ጋር ማመሳከር ነው። ሥራው ቀርፋፋ ነው፤ እስኪያልቅም ቡናው ብዙ ጊዜ መፈላቱ አይቀርም።