ስለ አሮጌ ባለቫልቭ ቴሌቪዥኖች
(ለተማሪዎች ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ የልጅ ጨዋታ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል። ይኸውም እዚህ በጉለሌ በየጓዳውና በየጥገና ቤቱ አቧራ ለብሰው ስለቀሩት አሮጌ ቴሌቪዥኖች ነው።

በአገራችን የቴሌቪዥን ሥርጭት የተጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ በዓል ዕለት ሲሆን፣ ስቱዲዮውም በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ውስጥ ነበር። የዚያ ዘመን መቀበያዎች በአብዛኛው በቫልቭ የሚሠሩ ነበሩ። ቫልቭ አየር የወጣለት የመስታወት አምፖል ነው፤ በውስጡ ያለው ክር ሲግል ኤሌክትሮኖች ይለቀቃሉ። ሥዕሉ እስኪመጣ ጥቂት መጠበቅ የነበረብን ስለዚህ ነው።

ጠጋኙ የሚያውቀው ግን ከዚህ ያለፈ ነው። በአውሮፓ በተሠሩት ቫልቮች ላይ የመጀመሪያው ፊደል ፒ ከሆነ፣ ክሩ በ0.3 አምፔር እየሠራ ከሌሎቹ ጋር በተርታ እንዲያያዝ የታሰበ ነው። የአንዱ ክር ቢበጠስ ሁሉም አብረው ይጠፋሉ። ባለቤቱም ፈጽሞ ሞተ ብሎ ይጥለዋል፤ በሽታው ግን የአንዲት ቫልቭ ነው።

ለብዙ ዓመት ያረፈውን መቀበያ እንዲያው ሶኬት ላይ መሰካት አይገባም፤ ካፓሲተሮቹ ደርቀዋልና። ጠንቃቃ ጠጋኝ በመስመሩ ላይ ባለ100 ዋት የክር አምፖል በተርታ ያስገባል፤ አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ውስጥ አንድ ቦታ ሾርት አለ ማለት ነው። ብዙዎቹ ትራንስፎርመር ስለሌላቸው ሻንሲው ራሱ ከ220 ቮልቱ ከአንደኛው ሽቦ ጋር የተገናኘ ነው። ፒክቸር ቲዩቡም ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላ ከ10 ሺህ ቮልት በላይ ይዞ ሊቆይ ስለሚችል፣ ከሻንሲው ጋር በሽቦ በተያያዘ፣ እጀታው ኤሌክትሪክ በማያስተላልፍ ካቻቢቴ አስቀድሞ ይራገፋል። (ይህን የምለው ዛሬ ማታ ቤቱ ሄዶ ጀርባውን የሚከፍት ጀግና እንዳይኖር ነው።)

ቆራሌው ደግሞ የሚፈልገው መዳቡን ነው፤ በዚህም አይወቀስም። ለመዳቡ ሲባል ግን ቲዩቡ ይሰበራል። መስታወቱ ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛም ማዕድን አለ፤ ስብርባሪው በቀጨኔ ወንዝ ዳር ቢጣል ጉዳቱ ለማን እንደሆነ አታጡትም።

አንዳንድ ወዳጆቼ «አንዱን ሙዚየም እናስቀምጥና ይብቃ» ይላሉ። በበኩሌ አልስማማም። የማይበራ ቴሌቪዥን የሚያሳየው ሣጥኑን ብቻ ነው። እንዲበራ የሚያደርገው ዕውቀት ያለው በሸመገሉት ጠጋኞች እጅና፣ ከጀርባው ክዳን ውስጥ በተለጠፈው፣ በእርሳስ ምልክት በተደረገበት የመስመር ንድፍ ላይ ነው። ይህን ከቤተ መጻሕፍታችን ብንፈልግ አናገኘውም፤ የእጅ ሥራን ከትምህርት አንቆጥርምና። ዳግማዊ ምኒልክ ባለእጅ እንዳይሰደብ ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነበር። እኛ ስድቡን ብንተውም መጠየቁን ገና አልጀመርንም።

እርግጥ ነው፤ የአንቴና ቀዳዳ ብቻ ያለውን መቀበያ ዛሬ ከዲሽ ሪሲቨር ጋር ለማገናኘት ሞዱሌተር ያስፈልጋል። ይህ ቀላል ነው። የሚከብደው ሰዎቹን ሳይረፍድ ማግኘቱ ነው።

ስለዚህ ከፊዚክስና ከኤሌክትሪክ ምሕንድስና ሁለት ሁለት ሆነን፣ ከታሪክ ክፍልም አንድ ጸሐፊ ጨምረን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ወደ አዲሱ ገበያና ሽሮ ሜዳ እንሂድ። ጠጋኙ ሲሠራ እንይ፤ የሚለውን እንጻፍ፤ ንድፉን እንገልብጥ፤ ጊዜውን ስለምንወስድበትም ዋጋውን እንክፈል። የስም መመዝገቢያው ወረቀት በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ ላይ ነው።